ሦስተኛው ፕሮፕ ማነው? ስለ ዌልስ ራግቢ ቡድኖች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎች

ይህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የኳስ ነው። ሰሞኑን ግን ስለ ራግቢ የሚጠይቁን አንባቢዎች በዝተዋል፣ በተለይ ስለ ዌልስ ቡድኖች። የደቡብ አፍሪካ ክለቦች ከገቡበት ወዲህ ውድድሩ በዲኤስቲቪ ይታያል፣ እዚያ አገር ዘመድ ያለውም ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉ በሙሉ ለእነዚህ አንባቢዎች ሰጥተነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ የዌልስ ፕሮፌሽናል ቡድኖች አራት ናቸው። ካርዲፍ፣ የኒውፖርቱ ድራገንስ፣ የስዋንሲው ኦስፕሪስና የላኔሊው ስካርሌትስ። ከአየርላንድ 4፣ ከደቡብ አፍሪካ 4፣ ከስኮትላንድና ከጣሊያን ሁለት ሁለት ቡድን ይጨመሩና ዩናይትድ ራግቢ ቻምፒዮንሺፕ በሚባለው ሊግ ይጫወታሉ። 16 ቡድን፣ ለእያንዳንዱ 18 ጨዋታ። እስከ 8ኛ የወጡት ሩብ ፍጻሜ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የአጎቴ ልጅ ስዋንሲ ነው የሚኖረው፣ እሱ አስለምዶኝ የኦስፕሪስ ደጋፊ ሆኛለሁ። በየዓመቱ ውድድሩ መስቀል አካባቢ ሲጀመር ቡድናችን ጥሩ ይመስላል። ኅዳር ላይ መንገዳገድ ይጀምራል። የካቲት ሲደርስ ደግሞ አይቻቸው የማላውቅ ልጆች ይሰለፋሉ። አሁን የተጫዋቾቹን ዝርዝር ላከልኝና «ከ40 በላይ ነን፣ ዘንድሮ ስብስባችን ጥልቅ ነው» አለኝ። እውነት ነው? እኔስ እዚህ ሆኜ እንዴት ልመዝነው? (ከሸዋ በር፣ ደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ 40 ስም ስላለ ስብስቡ ጥልቅ ነው ማለት አይቻልም። የራግቢ ቡድን የሚመዘነው በየቦታው ነው። በዚህ ቦታ ሦስተኛው ሰው ማነው? እሱ ሲገባ ጨዋታው ይቀጥላል ወይስ ይበላሻል? አምስት አጥቂና አንድ በረኛ ብቻ ያለው የኳስ ቡድን አስብ። በረኛው የተጎዳ ቀን አምስቱ አጥቂ ምን ይረባል?

በሒሳቡ እንጀምር። ለአንድ ጨዋታ 23 ሰው ይመዘገባል፣ 15 ቋሚ ተሰላፊና 8 ተቀያሪ። ከ23ቱ ውስጥ 6ቱ የፊት መስመር ሰዎች መሆን አለባቸው። እነዚህ ስክረም (የሁለቱ ቡድን የፊት ሰዎች ተያይዘው ለኳስ የሚገፋፉበት) ሲገባ ከፊት ሆነው ከተጋጣሚ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚጋጠሙት ናቸው፤ በግራ 1 ቁጥር ፕሮፕ፣ መሃል 2 ቁጥር ሁከር፣ በቀኝ 3 ቁጥር ፕሮፕ። ለእያንዳንዳቸው በዚያው ቦታ የሠለጠነ ተቀያሪ ወንበር ላይ መኖር አለበት። ይሄ የአሰልጣኝ ፍላጎት ሳይሆን ሕግ ነው፣ ምክንያቱም ሥራውን የማያውቅ ሰው እዚያ ቢገባ አንገቱ ሊሰበር ይችላል።

ሕጉ ምን ያህል እንደሚከብድ ጣሊያኖችን ጠይቅ። የካቲት 2022 ደብሊን ላይ ከአየርላንድ ጋር ሲጫወቱ ሁከራቸው ሉኬሲ ገና በጊዜ ተጎድቶ ወጣ። ተክቶት የገባው ፋይቫ ብዙም ሳይቆይ በአደገኛ ታክል ቀይ ካርድ አየ። ሦስተኛ ሁከር የለም። ዳኛው ስክረሙ ያለ ግፊያ እንዲሆን አዘዙ፣ ሕጉም ጣሊያን አንድ ሰው ጨምራ እንድታወጣ ስለሚያስገድድ ቡድኑ 13 ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል ተንገላታ። ውጤቱ 57 ለ 6። ያን ቀን ከወንበር ላይ ፈጣን ክንፍ ቢኖራቸው ባይኖራቸው ለውጥ አልነበረውም።

ከሦስቱ ደግሞ 3 ቁጥሩ ይብሳል። 1 ቁጥሩ አንዱ ትከሻው ነጻ ነው፣ 3 ቁጥሩ ግን ጭንቅላቱን በተጋጣሚ ሁለት ሰዎች መሃል አስገብቶ የሁለቱንም ግፊት ይሸከማል። ቦታው ክብደት ይፈልጋል፣ ጉልበት ይፈልጋል፣ ከምንም በላይ ግን ዓመታት ይፈልጋል። የ20 ዓመት ክንፍ ኮከብ ሊሆን ይችላል፣ የ20 ዓመት 3 ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ገና ተማሪ ነው። ዌልስ ደግሞ የሳሳችው እዚሁ ላይ ነው። በ2023 ክረምት ብቻ ቶማስ ፍራንሲስ ከኦስፕሪስ ወደ ፈረንሳይ፣ ዲሎን ሉዊስ ከካርዲፍ ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ሁለቱም 3 ቁጥር፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፉ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲሄድ በማግስቱ ከአካዳሚ ጠርተህ የምትተካው አይደለም።

በዚህ ቦታ ላይ ተቀያሪ ስንት እንደሚያወጣ ለማየት የመጋቢት 2017ቱን የፈረንሳይና የዌልስ ጨዋታ ፈልገህ እየው። ፓሪስ ላይ 80ው ደቂቃ አልቆ ዌልስ እየመራች ነው። ፈረንሳይ ከዌልስ ጎል መስመር አጠገብ ስክረም ላይ ስክረም እያስደገመች ትገፋለች። መሃል ላይ ግዙፉ አቶኒዮ ለጭንቅላት ምርመራ ተብሎ ወጣና ቀድሞ ተቀይሮ የነበረው ስሊማኒ ተመልሶ ገባ። ዌልሶች በጣም ተቆጡ፣ ያ ቅያሬ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጨዋታው 100ኛው ደቂቃ ላይ ሲያልቅ ፈረንሳይ 20 ለ 18 አሸነፈች። አንድ ትኩስ 3 ቁጥር ትከሻ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝርህ። ወረቀት አውጣና ከ1 እስከ 15 ጻፍ፣ በየቁጥሩ ሥር ሦስት ሦስት ስም አስቀምጥ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ይጫወታል ብለህ ሁለቴ አትጻፈው፣ ዝርዝሩን የሚያወፍረው የውሸት ነገር እሱ ነው። ሎክም (4 እና 5 ቁጥር) ፍላንከርም (6 እና 7 ቁጥር) የሚጫወት ሰው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን አንድ ሰው ነው። ከዚያ ለብሔራዊ ቡድን የሚጠሩትን ሁሉ በቀይ ሰርዝ። ኅዳር ላይ የአገሮች ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች አሉ፣ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ደግሞ የስድስቱ አገሮች ውድድር ይወስዳቸዋል። «ኅዳር ላይ ይንገዳገዳል» ያልከው እኮ መልሱ እዚህ ነው። ቡድንህ ኅዳር ላይ አልደከመም፣ ሰዎቹን ነው የተወሰደው።

ኦስፕሪስ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሊጉን በ2005፣ በ2007፣ በ2010 እና በ2012 አራት ጊዜ ወስዷል፣ ከዌልስ ቡድኖች ይህን ያህል ያነሳ የለም። ለዌልስ 158 ጊዜ የተሰለፈው አሉን ዊን ጆንስም የኦስፕሪስ ሰው ነበር። ክብሩ ትልቅ ነው፣ ነገር ግን ሎኩ ካርዲፍ ላይ የዌልስን ቀይ ማሊያ ለብሶ በሚሰለፍበት ሳምንት ክለቡ ሌላ ሎክ ማግኘት ነበረበት። የብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታ ተጫዋቹን ወስዶ ጎድቶ የሚመልስበት ጊዜም አለ። በኅዳር 2025 የኦስፕሪሱ ጃክ ሞርጋን ከአርጀንቲና ጋር ሲጫወት ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ ጎል መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) እያስቆጠረ ትከሻው ወለቀ። ክለቡ ያን ቀን ሜዳ እንኳ አልገባም፣ ግን ትልቁን ፍላንከሩን ለወራት አጣ።

በቀይ ከሰረዝክ በኋላ በየቦታው የቀረውን እይ። እኔ መጀመሪያ 3 ቁጥርን፣ ቀጥሎ 2ን፣ ከዚያ 10 ቁጥርን ነው የማየው። 10 ቁጥር ፍላይ ሃፉ ነው፤ ጨዋታውን የሚመራው፣ አብዛኛውን ጊዜም ለጎል የሚመታው እሱ ነው። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ዌልስ ከአውስትራሊያ ስትጫወት ዳን ቢጋር 12ኛው ደቂቃ ላይ ተጎድቶ ወጣ። ጋሬዝ አንስኮምብ ገባና 23 ነጥብ አስቆጠረ፣ ጨዋታው 40 ለ 6 አለቀ። ቀጥሎ ከጆርጂያ ጋር አንስኮምብ ራሱ ሲያሟሙቅ ተጎዳ። ወጣቱ ሳም ኮስቴሎ ተሰለፈ፣ ዌልስ 43 ለ 19 አሸነፈች። ሦስተኛው ሰው ሲገባ ጨዋታው ቀጠለ። ጥልቀት ስልህ ይሄን ነው።

ክንፍና ፉልባክ ላይ ብዙ አትጨነቅ። እዚያ ወጣት በፍጥነት ይወጣል፣ ሴንተርም ወደ ክንፍ ሊሳብ ይችላል። ዌልስ ፈጣን ልጅ አጥታ አታውቅም።

የእኔ ፍርድ ይኸውልህ። በቀይ ከሰረዝክ በኋላ 3 ቁጥር ላይ ከዚህ በፊት በሊጉ የተጫወቱ ሁለት ሰዎች ከቀሩልህ፣ 10 ቁጥር ላይም አንድ ጨዋታ መምራት የሚችል ሰው ካለህ፣ አብሽር፣ የካቲትን ትሻገራለህ። 3 ቁጥር ላይ የቀረው የአካዳሚ ልጅ ብቻ ከሆነ ግን 40ም ሁን 50 ስብስቡ ሳስቷል። ለአጎትህ ልጅም እንደዚሁ ንገረው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የስካርሌትስ ደጋፊ ነኝ፣ እህቴ ላኔሊ አጠገብ ትሠራለች። የዌልስ ፌዴሬሽን አራቱን ቡድን ወደ ሦስት ሊያወርድ ነው ሲባል ሰማሁ። አንዳንዱ «ቡድን ሲያንስ የቀሩት ይጠነክራሉ» ይላል። እውነት ስብስቡን ያጠነክረዋል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወዓለይኩም አሰላም እህቴ። የሰማሽው ትክክል ነው። የዌልስ ራግቢ ዩኒየን በጥቅምት 2025 የወንዶቹ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ሦስት ይሁኑ ብሎ ወስኗል፤ አንድ በምሥራቅ፣ አንድ በምዕራብ፣ አንድ በዋና ከተማዋ። ምዕራብ ማለት የስካርሌትስና የኦስፕሪስ አገር ስለሆነ ያንቺ ጭንቀት ይገባኛል።

የገንዘቡ ነገር እውነት ነው። በ2024/25 የዌልስ ቡድን ለተጫዋቾች የሚያወጣው በጀት ወደ 4.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ክለቦች የደመወዝ ጣሪያ 6.4 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በዚህ ልዩነት ጥሩ 3 ቁጥር ይዞ መቆየት ከባድ ነው፣ ድንበሩን ተሻግሮ ሁለት ሰዓት ሳይነዳ የተሻለ የሚከፍለው አለ። ካርዲፍ ደግሞ በሚያዝያ 2025 ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ዩኒየኑ ራሱ ነው የተረከበው። አራቱን ባለበት ሁኔታ ማኖር አይቻልም የሚሉት ሰዎች ከመሬት ተነስተው አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያየው ሒሳብ አለ። እያንዳንዱ ቡድን በጨዋታ ሁለት 3 ቁጥር ይመዘግባል፣ አንዱ ይጀምራል፣ አንዱ ይቀየራል። አራት ቡድን ሲኖር በየሳምንቱ ስምንት 3 ቁጥሮች ጨዋታ ያገኛሉ። ሦስት ሲሆን ስድስት። ሁለቱ የት ይሂዱ? ክለቡ ይጠነክር ይሆናል፣ አገሪቱ ግን በዚያ ቦታ የሚጫወት ሰው ቀነሰባት። ደሞ እኮ ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ ችግር ላይ ነው። ከጥቅምት 2023ቱ የጆርጂያ ድል በኋላ 18 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ በሐምሌ 2025 ኮቤ ላይ ጃፓንን 31 ለ 22 እስኪያሸንፍ ድረስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር። 18 ሽንፈት በአሰልጣኝ ጥፋት ብቻ አይመጣም፣ ሰው ማነሱን ያሳያል።

ስለዚህ ቡድን መቀነሱ ብቻውን አያድንም፣ የታችኛው እርከን ካልተጠናከረ። በ2024 ሱፐር ራግቢ ከምሪ የሚባል ከፊል ፕሮፌሽናል ሊግ በ10 ክለቦች ተጀምሯል። እኔ ዓይኔን የምጥለው እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው ፕሮፕ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጃኬት ከሚያሞቅ እዚያ ወርዶ 80 ደቂቃ ስክረም ቢገፋ ይሻላል።

በ2003 ዌልስ ክለቦቿን አጣምራ አምስት ቡድን ስታደርግም የተባለው ይኸው ነበር፤ ይጠነክራሉ። ከአምስቱ አንዱ ሴልቲክ ዋሪየርስ አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ2004 ፈረሰ። ተጫዋቾቹን ሌሎቹ ተከፋፈሏቸው። የዚያ ቡድን ደጋፊ ግን የሚከፋፈል ነገር አይደለም፣ ብዙው ቤቱ ቀረ። ይሄ ያሳስበኛል። ልጁን ይዞ ሜዳ የሚሄድ አባት ሲቀር ከ15 ዓመት በኋላ የሚመጣው ፕሮፕም አብሮ ይቀራል።

ያንቺ ስካርሌትስ ግን ተስፋ አለው። በ2024/25 8ኛ ወጥቶ ሩብ ፍጻሜ ገብቷል፣ ድራገንስ በዚያው ዓመት ከ18 ጨዋታ አንድ ብቻ አሸንፎ መጨረሻ ሲወጣ። ሚያዝያ ላይ የአየርላንዱ ሌንስተር ብዙ ቋሚዎቹን አሳርፎ ላኔሊ መጣ፣ ስካርሌትስ አሸነፈው። በግንቦት መጨረሻ ደብሊን ላይ በሩብ ፍጻሜ ሲገናኙ ሌንስተር ዋናዎቹን መለሰና 33 ለ 21 ረታ፣ በኋላም ዋንጫውን ወሰደ። ሁለቱን ጨዋታ አንድ ላይ አድርገሽ እዪው። ሌንስተር ዋናዎቹን አሳርፎ አንድ ጨዋታ ቢጥልም ከደረጃው አይወርድም። ስካርሌትስ ዋናዎቹን ቢያሳርፍ ስምንተኛነቱን ያጣዋል። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ያ ነው፣ እሱን ለማጥበብ ደግሞ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ የዌልስ ቡድኖች ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ለምንድነው እንዲህ የሚሸነፉት? ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እግራቸው የታሰረ ይመስላል። (ከኮምቦልቻ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ አንተ የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆንክ ቶሎ ይገባሃል። ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከኮምቦልቻ ብዙም አይርቅም። ፕሪቶሪያ ደግሞ 1,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ላኔሊና ስዋንሲ ባሕሩ ዳር ናቸው። ከኮምቦልቻ ተነስተህ ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ላይ ኳስ ስትጫወት ትንፋሽ እንደሚያጥርህ ሁሉ እነሱም ጆሃንስበርግ ላይ ያጥራቸዋል፤ ልዩነቱ የእነሱ ዳገት ከኛው ሐረጎ በጣም ይረዝማል።

ከፍታው ግን ሰበብ ብቻ እንዳይሆን። ኬፕታውንና ደርባን እኮ ባሕር ዳር ናቸው፣ እዚያም ይሸነፋሉ። ዋናው ነገር ወንበሩ ነው። የደቡብ አፍሪካ ቡድኖች 50ኛው ደቂቃ ላይ የፊት መስመሩን በሙሉ ሲቀይሩ የሚገባው ከወጣው አያንስም። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስፕሪንግቦኮች (የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን) ከ8 ተቀያሪ ሰባቱን የፊት ሰዎች (ከ1 እስከ 8 ቁጥር ባሉት ቦታዎች የሚጫወቱ)፣ አንዱን ብቻ የኋላ ሰው አድርገው ኒውዚላንድን 12 ለ 11 ያሸነፉት በዚሁ እምነት ነው። የዌልስ ቡድን እንደዚያ ልሞክር ቢል ሰባት የሚበቁ የፊት ሰዎች ከየት ያመጣል? በረጅም ጉዞ ሁለት ተከታታይ ሳምንት እዚያ መቆየት ሲጨመርበት ደግሞ የመጀመሪያው ጨዋታ የጎዳቸውን ለሁለተኛው የሚተካ ሰው ያጥራል። በተለይ ጭንቅላቱን የተመታ ካለ። ዓለም አቀፉ ሕግ ከ2022 ወዲህ አጥብቋል፣ የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ተጫዋች ቢያንስ ሰባት ቀን ያርፋል፣ አብዛኞቹም ከ12 ቀን በፊት አይመለሱም። ስለዚህ ቅዳሜ የተመታ ሰው ለቀጣዩ ቅዳሜ የለም ብለህ ቁጠር።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ደሴ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ኳስ አሠለጥናለሁ። ራግቢ አላውቅም፣ ግን በቀደም ስለ «ስብስብ ጥልቀት» የጻፋችሁትን አንብቤ ነገሩ የኔም ችግር መሆኑ ገባኝ። 20 ምናምን ልጅ አለኝ፣ ጨዋታ ሲደርስ ግን 13 ነው የሚመጣው። ከእነሱ የምወስደው ነገር አለ? (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ በደንብ አለ። የወረቀቱ ነገር ለእርስዎም ይሠራል። አሥራ አንዱን ቦታ ጽፈው በየሥሩ ሦስት ሦስት ስም ያስቀምጡ። የትኛው ቦታ ላይ ሦስተኛ ስም አጥተው እንደሚቸገሩ ከአሁኑ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። በረኛ ላይ፣ መሃል ተከላካይ ላይ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ዌልሶች ኅዳርና የካቲትን ቀድመው እንደሚያውቁት እርስዎም ልጆችዎ የሚቀሩበትን ጊዜ ያውቁታል። የ12ኛ ክፍል ልጆች ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገባሉ። በረመዷን የሚጾመው ልጅ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥዎትም፣ እንዲሰጥም አይጠበቅበትም። ሰኞ ገበያ ቤተሰቡን የሚያግዝ ልጅ ሰኞ ልምምድ የለውም። ይሄ ሁሉ ድንገተኛ አይደለም፣ በካላንደር ላይ ያለ ነው። እነዚያ ሳምንታት ሲመጡ የሚሰለፈው ማን እንደሆነ አሁን ወስነው፣ ያ ልጅ ከዚያ በፊት ባሉት ጨዋታዎች መጫወቱን ያረጋግጡ።

ብዙ አሠልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛውን በረኛ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ያስቀምጠውና ዋናው የቀረ ቀን ብቻ ያስገባዋል። ልጁ ይደነግጣል፣ ሁለት ጎል ይገባበታል፣ ከዚያ «ይሄ ልጅ አይሆንም» ይባላል። ልጁ አልጠፋም፣ ያላለማመዱት ናቸው ያጠፉት። ቡድኑ ሲመራ ብቻ ሳይሆን ሲመራበትም ሁለተኛውን በረኛ ግማሽ ጨዋታ ያሰልፉት። ነጥብ ሊጥሉ ይችላሉ። በ17 ዓመት ልጆች ውድድር የሚጣል ነጥብ ከሚጠፋ ልጅ ይበልጣል ብዬ አላምንም።

አንድ ነገር ግን ከራግቢው ሳይወስዱ አይለፉ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ የደነዘዘ ወይም የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ወዲያው ይውጣ፣ በዚያ ቀን ተመልሶ አይግባ፣ ጤና ጣቢያም ይታይ። «ደህና ነኝ» ቢልም አይስሙት። ተቀያሪ የለኝም የሚል አሠልጣኝ ነው የተመታ ልጅ መልሶ የሚያስገባው፣ ስለዚህ ይሄም ዞሮ ዞሮ የስብስብ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ዝርዝርና ወረቀት ለኔ ከባድ ነው። ቲቪ ላይ እያየሁ ብቻ ቡድኔ ተቀያሪ ያለው መሆኑን የማውቅበት መንገድ የለም? (ከአራዳ፣ ደሴ)

መልስ፦ አለ። ከ50ኛው እስከ 60ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ሻይህን አስቀምጠህ በደንብ እይ። የፊት መስመሩ የሚቀየረው በዚያ ሰዓት ነው። ከቅያሬው በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ስክረም ተከታተል። ኳሱን ተወው፣ የቀኙን ፕሮፕ፣ 18 ቁጥር የለበሰውን ተቀያሪ ብቻ እይ። ጀርባው ቀጥ ብሎ ከጸና፣ እግሩም ወደ ኋላ ካልተንሸራተተ ጥሩ ነው። ወገቡ ከታጠፈ ወይም ስክረሙ በእሱ በኩል ከተደረመሰ የዳኛው እጅ ወደ ተጋጣሚው ይዘረጋል፤ ቅጣት ነው፣ ብዙ ጊዜም 3 ነጥብ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ጨዋታዎች ይህን ተመልከት። 18 ቁጥሩ በየሳምንቱ ቅጣት የሚያስቆጥር ከሆነ፣ ቡድንህ በዚያን ጊዜ ቢመራም፣ ኅዳር ላይ ቋሚው 3 ቁጥር ለዌልስ ሲጠራ ምን እንደሚመጣ አሁኑኑ አውቀኸዋል ማለት ነው።